የደወላችን ቀይ ክር

በላስታ ምድር ድምፅ የሚሥል ሰው ከእኔ በቀር የለም። ካለም አልሰማሁም፤ እኔ ደግሞ ብዙ የምሰማ ሰው ነኝ። መልአክና ፈረሰኛ የሚሥሉ ሞልተዋል። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ለእንግዳ የሚሸጥ ብራና ላይ ቤተ ጊዮርጊስን የሚያወጡ ልጆች አሉ፤ እጃቸውም አይከፋም። የእኔ ግን ሌላ ነው። እኔ የምሥለው የወፍጮ ቤቱን ዱክ ዱክ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን በረዶ፣ ከሸንተረር ላይ ሆነው ሲያዳምጡት የሚሰማውን የብልባላ ገበያ ሁካታ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምለው በትሕትና አይደለም።

ሥራዬ የሰሌዳ ጽሑፍ ነበር። የሥጋ ቤት፣ የሻይ ቤት፣ የልብስ ሰፊ ሰሌዳ እጽፍ ነበር፤ በኩልመስክም በላሊበላም ዝናብ ያላጠበው የእጄ ሥራ እስከ ዛሬ አለ። ፊደል የለየሁትም ሰሌዳ እየጻፍኩ ነው። ሌላው ሰው አስቀድሞ ያነባል፣ ኋላ ይጽፋል፤ እኔ አስቀድሜ ጻፍኩ፣ ኋላ አነበብኩ።

ድምፅ መሣል የጀመርኩት አንድ መሪጌታ ባሳዩኝ መጽሐፍ ምክንያት ነው። የቤታቸውን በር ልቀባ ሄጄ ሳለ ጭናቸው ላይ የተዘረጋ የዜማ መጽሐፍ አየሁ። ከፊደሉ በላይ ቅንጥብጣቢ የሚመስሉ ምልክቶች ነበሩበት። ምን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። እዚህ ድምፅ ይነሣል፣ እዚህ ይታጠፋል፣ እዚህ ይረጋል እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ። ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል ብላቸው ሳቁና የአንተ ዕድሜ አይበቃውም አሉኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ በወፍጮ ቤቱ በኩል አለፍኩ፤ ወፍጮው እየሠራ ነበር። ቆም ብዬ አዳመጥኩት። ካህናቱ ለዜማ ምልክት አላቸው፤ ለወፍጮ ግን የላቸውም ብዬ አሰብኩ። ከበሩ በተረፈኝ ቀለም በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ወፍጮውን ሣልኩት፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ የሚገፋ ቡናማ ክብ፣ በየክቡ መሐል ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሰው አይቶ ምንም ሳልነግረው "ይኼ ቀበቶው የላላ ለት ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ቀበቶው ላልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ሕጉን ሁሉ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ወፍራም ድምፅ ታች ይቀመጣል፣ ቀጭኑ ላይ። የሚመታ ድምፅ ማዕዘን አለው፣ የሚነፋ ድምፅ ክብ ነው። ቅርብ ያለ ድምፅ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይወጣል፤ ሩቅ ያለ ድምፅ ግን ጠርዙ በውኃ ይፈታል። የምሥለው በአቡጀዲ ላይ ነው። ቀለም የምገዛው ከተማ ውስጥ ሱቅ ካለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። በሄድኩ ቁጥር "ወላሂ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ጩኸት ሊቀቡ ነው?" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ጨርቆቼን "እድፍ" ትላቸዋለች። ስታጥብ እንኳ ለይታ ታስቀምጣቸዋለች፣ በክብር ሳይሆን ቀለማቸው እንዳይጋባ።

አሁን የምተርከው ያለፈውን ዓመት ነገር ነው።

የአጥቢያችን ደወል ድንጋይ ነበር። እንደ በር ሳንቃ ረጅምና ስስ የሆነ ጥቁር ድንጋይ፣ ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ ጡጫ በሚያህል ሌላ ድንጋይ ይመታል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከሸለቆው ማዶ ነው፤ መንደራችን ደግሞ ወዲህ ነው። ወርዶ ለመውጣት በእኔ ጉልበት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ድምፁ ግን ባንድ ትንፋሽ ይሻገረዋል። ከደጄ ሆኜ የአራት አጥቢያ ደወል እሰማለሁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ደወል እንደ ላሙ እምቧታ ያውቀዋል። የሌላው አጥቢያ ሲደወል ቀና ብሎም አያይ፤ የራሱ ሲደወል ነጠላውን ይፈልጋል።

ነሐሴ ላይ ዐውሎ ነፋስ የወይራውን ቅርንጫፍ ገነጠለው፤ ድንጋዩ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ ቆራጥ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ከአንድ ጋራዥ የጭነት መኪና ቸርኬ አስመጥተው በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። ጥሩ ይጮኻል፤ አልክድም። ነገር ግን ከታች ያለው ትምህርት ቤትም የሚደውለው በቸርኬ ነው። ክረምቱ እስኪያልቅ ማንም ልብ አላለውም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግን አንድ የመንደራችን አዛውንት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ደረሱ። ስህተታቸው የገባቸው ተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ ሲዘምሩ ነው። ዳይሬክተሩ በወንበር አስቀምጦ ውኃ ሰጣቸው። ተናደው ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀሩ፤ ደወሉን አላምነውም አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ነገሩ ተነሣ። አንዳንዱ ሌላ ድንጋይ ይፈለግ አለ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም፣ የሌላ አጥቢያ ድምፅ ያለው ቢመጣ ምን ሊበጅ ነው አለ። ቄሰ ገበዙ እግዚአብሔር ብረትም ይሰማል አሉ። እኔ ደወል የሚደወለው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለእኛ ነው አልኩ። ቀጥዬም የደወሉ ድምፅ ጨርሶ እንዳልጠፋ፣ ሥዬው ቤቴ ግድግዳ ላይ እንዳለ፣ ሥዕሉን ይዤ አቻውን ድንጋይ ማግኘት እንደምችል ነገርኳቸው።

ቄሰ ገበዙ ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ። "ልጄ" ይሉኛል፣ "አንቱ" ደግሞ ይጨምሩበታል፤ አንዱ ለክህነታቸው፣ ሌላው ለሽበቴ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እንግዲያው የእርስዎን ጨርቅ እንስቀልና እንምታው እንዴ?"

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጥሩ ሥራ የሌላ ሰው ቢሆንም አውቃለሁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ቀጠሮ ሰጡኝ። በኅዳር ለሚውለው ንግሥ ድንጋዩን ካመጣሁ ይሰቀላል። ካላመጣሁ ቸርኬው ተባርኮ ለዘለቄታው ይቀራል፤ በላዩም መስቀል ይሣልበታል። መስቀሉን የሚሥለው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። "ከእርስዎ ሌላ ሠዓሊ አለን?" አሉኝ። ሁሉም ሰው እያየኝ እሺ አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ጨርቁን ከግድግዳው አወረድኩት። ከሥራዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከግራ ሲጀመር ነጭ የውሻ ክራንቻ የመሰለ ነገር አለ፤ እሱ የምቱ ድምፅ ነው። ከክራንቻው ሥር የደመና ሆድ የመሰለ ሰማያዊ ይሰፋል፣ ወደ ቀኝም እየሳሳ ይሄዳል። ሰማያዊው ሊያልቅ ሲል ከታቹ አንድ ቀይ ክር ይጀምራል። ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሰማያዊው ካለቀ በኋላም ብቻውን ጥቂት ይሄዳል። ደወላችንን ከሌሎቹ የሚለየው ያ ቀይ ክር ነው። ይህን ሁሉ ሲያዩት ባለቤቴ ያለችውን እድፍ ይመስላል። ድንጋዩ ካልተገኘ እሷ ልክ ናት፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሳቆሽሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው። በሰው ፊት ስደነፋ ብውልም ማታ እሱን አሰብኩ።

በማግስቱ ድንጋይ ጠራቢውን ይዤ ከብልባላ በላይ ካለው ሸንተረር ወጣሁ። ጠራቢው ጎረቤቴ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት። በዚያ ሸንተረር ላይ ስስ ጥቁር ድንጋይ እንደ ተደረደረ ሰሌዳ ተፈንቅሎ ይገኛል። እሱ እየፈነቀለ በመዶሻው እጀታ ያንኳኳል፣ እኔ ጨርቄን ዘርግቼ አዳምጣለሁ። የደነዘዘውን እንተዋለን፣ የሚናገረውን እንለያለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ድንጋይ ለየን።

ማጓጓዙ ሌላ ነገር ሆነ። በአህያ ብንጭነው እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጠራቢው አራት ጎረምሳ ለምኖ በቃሬዛ አወረድነው፤ እንዳይፋጭ ደግሞ ጋቢ አለበስነው። የመጀመሪያውን ስናወርድ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አገኙንና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገዱን ለቀቁልን። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ በዝግታ ማን እንዳረፈ ጠየቀች። ጠራቢው ሸክሙ ከብዶት ነበርና ፊቱን ሳይፈታ "አላረፈም እናቴ፣ ሊናገር ነው የምንወስደው" አላት። እስከ ዛሬ እንደ እብድ የሚያዩኝ የዚያ መንገድ ሰዎች አሉ።

ዘጠኙን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው አጥር ጥግ አቆምናቸው። በየተራ እያንጠለጠልን፣ ጠራቢው እየመታ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሥዕሌን አነበብኩ። ስድስቱ ሰማያዊ ብቻ ነበራቸው። ሁለቱ ክራንቻ ነበራቸው፣ ክር ግን አልነበራቸውም። አንዱ ግን ሁሉም ነበረው፤ ነጩ ክራንቻ፣ ሰማያዊው ሆድ፣ ከታቹ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ክር። ደስታዬን ለመደበቅ አልሞከርኩም። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው መትተው አዳመጡና መልካም ድንጋይ ነው አሉ። ሰቀልነው።

በማግስቱ የበዓል ቅዳሴ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ደጄ ካለው መደብ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ የራሴን ድል በራሴ ደጅ ልሰማ ፈልጌ ነበር። ደወሉ ተመታ። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ጤፍ ትነፋ ነበር፤ ወንፊቷን አላቆመችም። ሁለተኛ ተመታ፣ ሦስተኛ ተመታ፣ ወንፊቱ ቀጠለ። ገብቼ ለምን እንደማትነሣ ጠየቅኳት።

"ይኼ የላይኞቹ አጥቢያ ደወል አይደለም እንዴ?" አለች። "የእኛ ገና አልተደወለም።"

ወጥቼ እንደገና አዳመጥኩ። እውነቷን ነበር። ክራንቻው ሳስቶ መርፌ ሆኗል፤ ሰማያዊው የለም፤ ክሩም ሁለት ሆኖ ቋጠሮ ይዟል። በቅርብ ቆሜ ያደነቅሁት ድምፅ ሸለቆውን ሲሻገር ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ንግሡ ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።  በሦስተኛው ቀን ምሳዬን አቅርባልኝ ጎኔ ተቀመጠች፤ ጨርቁንም አንሥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ሠላሳ ዓመት እንዲያ አድርጋ አይታው አታውቅም። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

"ይኼ ለምንድን ነው የፈዘዘው? ታጥቦ ነው?" አለችኝ።

አልታጠበም። ሆን ብዬ በውኃ የፈታሁት ነው። ሩቅ ያለ ድምፅ ጠርዙ በውኃ ይፈታል ብዬ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ጨርቅ የሣልኩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ ሳይሆን፣ እዚሁ መደቤ ላይ ተቀምጬ ነበር። ርቀቱን በገዛ እጄ ጽፌው ሳለ ሳላነበው ከዘጠኝ ድንጋይ አንዱን አፍንጫው ሥር ቆሜ መረጥኩ። ቀዩ ክርም የድንጋዩ አልነበረም። ከመንደራችን ጎን ያለው ገደል ድምፁን ተቀብሎ የሚመልሰው ነው። የገደል ማሚቶ ነበር። እኔ ግን የራሱ ክር ያለው ድንጋይ ፈልጌ ሰቀልኩ፤ ገደሉ ደግሞ የራሱን ክር ጨመረበት፤ ሁለቱ ተያይዘው ቋጠሮ ሆኑ።

ብዙ ሰው ይህን ሲረዳ ያፍራል። እኔ ኮራሁ። ሥዕሉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው። ለባለቤቴም እንዲህ አልኳት። "አንባቢው ታዲያ ማን ነበር?" አለችኝ። እሱን ተዪው አልኳት።

ወዲያው ለጠራቢው ስልክ ደወልኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሻግሮ የቀሩትን ስምንት ድንጋዮች እንደገና በየተራ እንዲሰቅል፣ እኔ ከመደቤ እንደማዳምጥ ነገርኩት። ቅር አለው፤ ወገቡን ያመው ነበርና። ግን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲያርፍ ጀመርን። እሱ ይመታል፤ ድምፁ መጀመሪያ በስልኩ ይደርሰኛል፣ ቀጥሎ በአየር ይመጣል። ስልኩን ከጆሮዬ ማራቅ እንዳለብኝ የገባኝ ከሁለተኛው ድንጋይ በኋላ ነው። አንደኛው መርፌ ነው። ሁለተኛው ሆዱ ብቻ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የሌሎቹን አጥቢያዎች ይመስላሉ። አምስተኛው ሲመታ ነጩ ክራንቻ መጣ፤ ሰማያዊው ሰፋ፣ ሳሳ፤ ሊያልቅ ሲልም ከግራዬ ካለው ገደል ቀዩ ክር ወጣ። ሦስት ጊዜ አስመታሁት። ሦስት ጊዜም ቀዩ ክር በቦታው መጣ።

ስልኩን አንሥቼ ይኼ ነው አልኩት። ጠራቢው ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበለ። ኋላ የቄሰ ገበዙ ድምፅ መጣ፤ ምቱን ሰምተው ከዕቃ ቤት ወጥተው ኖሯል።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ የተሰነጠቀ ገንቦ ነው" አሉኝ። "ጆሮ ይበሳል። ይኼን ለንግሥ አልሰቅልም።"

ከአጠገቡ ለቆመ ሰው ድንጋዩ አስቀያሚ ድምፅ እንዳለው ጠራቢውም መሰከረ። ነጩ ክራንቻ በቅርብ ይነክሳል። ደወሉ ለቅርብ ሰው አይደለም፣ ቅርብ ያለማ ደርሷል ብዬ በስልክ ብከራከርም አልሰሙኝም። እንግዲያው ተሻግረው እዚህ ሆነው ይስሙት አልኩ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ንግሡ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ሸለቆውን ወርደው ወጡ። እኔ ዘንድ የመጡት ለድንጋዩ እንዳልሆነ፣ ሰበካቸውን ለመጠየቅ እንደሆነ አስቀድመው አስታወቁኝ። ባለቤቴ መስቀላቸውን ተሳልማ ጠላ ቀዳችላቸው።

መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸውና ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት። ይህ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚጀመር በአጭሩ ነገርኳቸው። የዜማ ምልክት የሚያነቡ ሰው ናቸውና ሁለተኛ መናገር አላስፈለገኝም። ጣታቸውን ነጩ ክራንቻ ላይ አሳረፉ። በስልክ ለጠራቢው ምታ አልኩት።

ድምፁ መጣ። ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። ሰማያዊውን ሆድ ተከትለው ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ሰማያዊው ሲሳሳ ጣታቸው ዘገየ። ዓይናቸው ማዶ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ነበር። ድምፁ ያለቀ መስሎ ሲያበቃ ከገደሉ ምላሹ ወጣ፤ ጣታቸውም ልክ በዚያች ቅጽበት ቀዩ ክር ላይ ደረሰ።

"ቀዩ መጣ" አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆዩ። አምስት ጊዜ አስመቱ። ጠራቢው በስልክ ወገቤ ብሎ ባያማርር ኖሮ እስኪመሽ ያስመቱ ነበር። ሲነሡ ጨርቁን ራሳቸው አጣጥፈው ሰጡኝ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ደወል ሥር ቆመው ሲያስደውሉ ቀዩን ክር አንድ ቀን እንኳ እንዳልሰሙት ነገሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እሱ አይሰማምና። ድንጋዩ እንዲሰቀል አዘዙ፤ ደዋዩም ጆሮው ላይ ሻሽ ይጠምጥም አሉ። ቸርኬው ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

በንግሡ ዕለት እኒያ ትምህርት ቤት የደረሱት አዛውንት ከሁሉ ቀድመው ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። ቄሰ ገበዙም ስብከታቸው መሐል የደወሉን ነገር አነሡና ድንጋዩን ያገኘው ማን እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ራሴን ዝቅ አላደረግሁም፤ ቀና ብዬ ቆምኩ፣ ሰውም በደንብ እንዲያየኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል። ማዶና ወዲህ ያሉ ሰዎች ደወሉ ከእነሱ ቤት ሲሰማ ምን እንደሚመስል እንድሥልላቸው ይጠሩኛል። እስካሁን ሰባት ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሰባቱም ጨርቅ የተለያየ ነው። ታች ወንዙ አጠገብ ላሉት ሰማያዊው ብቻ ይደርሳል። ቄሰ ገበዙም ከዕቃ ቤቱ ደጅ የሚሰማውን አስቀያሚውን ድምፅ እንድሥልላቸው ጠይቀውኛል። እሱንም ሠራሁት፤ በጥቁርና በቢጫ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከገደሉ ሥር የምትኖር አንዲት ባልቴት ጠራችኝ። ጨርቁን ስጨርስላት አየችና ከእኔ ቤት ቀይ የለም፣ አረንጓዴ ነው አለችኝ። የድምፅ ቀለም የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ተከራከርኳት። የቤቱ ባለቤት ማን ነው፣ አንቱ ኖት ወይስ እኔ ነኝ አለችኝ። የማታው ደወል እስኪመታ ድረስ ሁለታችንም ተኮራርፈን ደጇ ላይ ተቀመጥን። ሲመታ አዳመጥኩ። ገደሉ እዚያ ቦታ በቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው፤ ምላሹ ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። ቀይ አልነበረም። ሰማያዊና ቢጫ ደባልቄ አረንጓዴውን እዚያው አወጣሁላት፤ አንድም ሠዓሊ በዚህ አገር እንዲህ ያለ አረንጓዴ አያወጣም።

አየችውና ትንሽ ይደምቃል አለች። ውኃ ጨመርኩበት።